በር ማንኳኳት ፋይዳ አለው ወይ? የመቶ ዓመት ጥያቄ

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፦ "መምህር፣ ለአንድ እጩ በበጎ ፈቃድ እየሠራሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በር እናንኳኳለን፣ በሥራ ቀን ማታ ማታ ደግሞ ስልክ እንደውላለን። እግሬ አለቀ! እውነቱን ይንገሩኝ፣ ይሄ ነገር ፋይዳ አለው?"

እኔም ብዙ ሳላስብ "በሩን አንኳኪ፣ ስልኩን ተዪው" ብዬ መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የመልሱ ግማሽ ስህተት ነበር። የባሰው ደግሞ ያንኑ ግማሽ ስህተት ለዓመታት ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ ይህን ረዘም ያለ ጽሑፍ ለሷም፣ ክፍሌ ውስጥ ለተቀመጣችሁ ሁሉም እንደ ዕዳ መክፈያ ቁጠሩልኝ። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ቺካጎ ላይ ነው። በ1923 የከንቲባ ምርጫ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ በጣም ብዙው ቤቱ ቀረ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሜሪያምና ተማሪው የነበረው ሃሮልድ ጎስኔል ወደ 6,000 የሚጠጉ ያልመረጡ ሰዎችን "ለምን አልመረጣችሁም?" እያሉ አስጠየቁ። ሜሪያም ራሱ በ1911 ለከንቲባነት ተወዳድሮ የተሸነፈ ሰው ስለነበር ጥያቄው ለሱ የወረቀት ብቻ አልነበረም። መልሱም እንደምትገምቱት ነው። አንዱ ታምሜ ነበር አለ፣ ሌላው ከከተማ ወጥቼ ነበር፣ ሌላው ደግሞ ግድ የለኝም። ሴት ልጅ መምረጥ የለባትም ብለው የቀሩ ሴቶችም ነበሩ።

ጎስኔል ግን በዚህ አልረካም። ለቅሶ የቀረ ሰው "ለምን ቀረህ?" ሲባል የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለጠያቂው የሚመች ምክንያት አይታጣም። ሰው ለምን እንደቀረ መጠየቅና ምን ቢደረግ ይመጣ እንደነበር ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በ1924ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ ወደ 6,000 የሚሆኑ የቺካጎ ነዋሪዎችን መዝግቦ ለሁለት ከፈላቸው። ለግማሾቹ መራጭ ሆነው እንዲመዘገቡ የሚያሳስብ ካርድ በፖስታ ላከ፣ ለስደተኞቹም በየቋንቋቸው። ለሌሎቹ ምንም አልላከም። ከዚያ የመራጮችን መዝገብ ከፍቶ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ስም በስም ቆጠረ።

በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ካርዱ ያመጣው ልዩነት ከመቶ አንድ ሰው ያህል ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በተደረገው የከተማ ምርጫ ግን ልዩነቱ ከመቶ ወደ 9 አደገ። የሚገርመኝ ይሄ ነው። በትልቁ ምርጫ ጋዜጣውም፣ ጎረቤቱም፣ ሬዲዮውም ስለ ምርጫው ስለሚያወራ የጎስኔል ካርድ ባሕር ላይ እንደ ጠብታ ሆነች። ማንም ትዝ በማይለው ትንሽ ምርጫ ግን አንዲት ካርድ ሰው አንቀሳቀሰች።

በዚያን ዘመን ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሎዌል በ1909 ለአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ባደረገው ንግግር ፖለቲካ በትዝብት እንጂ በሙከራ የሚጠና ሳይንስ አይደለም ብሎ ነበርና። ብዙዎችም አመኑት።

የጎስኔል ሥራ አንድ ጉድለት ነበረው። ሰዎቹን የከፈለው በየመኖሪያ ብሎኩ ነው፤ በዛሬው ትርጉም ዕጣ አልጣለም። የዕጣው ሐሳብ በዚያው ሰሞን የመጣው ከማሳ ነው፣ ከእንግሊዙ የሮዛምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ። እዚያ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ፊሸር የገጠመው ችግር ገጠር ላደጋችሁ አዲስ አይሆንም። ጓሮ ያለው መሬት ፍግና አመድ ሲደፋበት የኖረ ነው፣ ርቆ ያለው ማሳ ግን የተራቆተ። አዲሱን ዘር ጓሮ ላይ፣ የድሮውን ሩቅ ማሳ ላይ ዘርቶ "አዲሱ በለጠ" የሚል ሰው የመዘነው ፍጉን እንጂ ዘሩን አይደለም። የፊሸር መፍትሔ ማሳውን በትንንሽ መደብ ከፋፍሎ የትኛው መደብ የትኛውን ዘር እንደሚያገኝ በዕጣ መወሰን ነው። "የመስክ ሙከራ" የሚለው ስም መነሻው እውነተኛ መስክ ነው ማለት ነው። ዕጣ ዘመድ እንደማይለይ ደግሞ ማንኛውም የዕቁብ ዳኛ ያውቃል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣም ለተመራማሪ ወርቅ ሆኗል፤ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን እያነጻጸሩ ቤት ማግኘት በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚለውጥ ያጠኑ አሉ።

ታዲያ መሣሪያው በ1920ዎቹ እጅ ላይ ከነበረ፣ ለምን ከሰባ ዓመት በላይ አቧራ ጠጣ? አልፎ አልፎ የሞከሩ ነበሩ። ጆርጅ ሃርትማን በ1935 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አለንታውን በምትባል ከተማ በአንዳንድ ቀበሌዎች ስሜት የሚነካ፣ በሌሎች ደግሞ በምክንያት የሚያስረዳ የሶሻሊስት ፓርቲ በራሪ ወረቀት በተነ። ከቀደመው ምርጫ ጋር ሲተያይ የፓርቲው ድምፅ ስሜቱ በደረሰበት ከመቶ 50፣ ምክንያቱ በደረሰበት 35፣ ምንም ባልደረሰበት 24 አደገ። ሃርትማን ራሱ በዚያው ፓርቲ ስም እጩ እንደነበረ ልንገራችሁና ዝም ልበል።

ከዚያ በኋላ ግን የመጠይቅ ዘመን መጣ። ናሙና መርጦ፣ መጠይቅ በትኖ፣ መልሱን በኮምፒውተር መተንተን ርካሽም ፈጣንም ሆነ። እኔም የተማርኩት፣ ያስተማርኩትም በዋናነት እሱን ነው። ችግሩ ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ራሱን ያሳምራል። ከምርጫ በኋላ "መርጠሃል?" ሲባሉ "አዎ" የሚሉት በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት ሁልጊዜ ይበዛሉ። "ፓርቲ ቤትህ መጥቶ ያውቃል?" የሚለውም እንዲሁ ነው። ፓርቲዎች የሚያንኳኩት ይመርጣል ብለው የሚያስቡትን ሰው በር ነው፤ የተንኳኳባቸው ሰዎች በብዛት መረጡ ብትሉኝ ጓሮው ላይ የበቀለውን ስንዴ እያሳያችሁኝ ነው።

አቧራውን ያራገፉት የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን ናቸው። በ1998 መኸር በኒው ሄቨን ከተማ ወደ 30,000 የሚጠጉ የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ መደቡ። ለአንዳንዱ ሰው ቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ ለአንዳንዱ ደብዳቤ ይላካል፣ ለአንዳንዱ ከጥሪ ማዕከል ይደወላል፣ ለአንዳንዱ ምንም አይደረግም። አሜሪካ ውስጥ ማንን እንደመረጥክ ምስጢር ነው፤ መምረጥ አለመምረጥህ ግን ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ማንንም "መርጠሃል?" ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ክፍል ውስጥ ሁሌም ግራ የምትጋቡባት ነጥብ አለች። ሰዎቹ ከተላኩባቸው ቤቶች በር ከፍቶ ያናገራቸው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ታዲያ በር የከፈቱትን ካልከፈቱት ጋር ለምን አናነጻጽርም? በር የሚከፍት ሰው ሌላ ዓይነት ሰው ስለሆነ ነው። ቤቱ የሚውል፣ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ባይንኳኳበትም ይመርጥ የነበረ ሊሆን ይችላል። ንጽጽሩ መሆን ያለበት ዕጣ የወጣላቸው በሙሉ ካልወጣላቸው በሙሉ ጋር ነው፤ የተናገሩትን ሰዎች ለይቶ ማስላት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ሲሰላ በአካል የተነጋገሩት ሰዎች ተሳትፎ ከመቶ ወደ 9 ጨምሯል። ደብዳቤው ጥቂት ብቻ ጨመረ። ስልኩ ግን ምንም።

ይህን በ2000 ሲያሳትሙ ፓርቲዎች ለስልክ ጥሪ ድርጅቶች የሚከፍሉትን ገንዘብ አስቡት! እኔም "በሩን አንኳኳ፣ ስልኩን ተወው" የሚለውን ስብከቴን የጀመርኩት ያኔ ነው።

በ2005 ኮሱኬ ኢማይ የሚባል ወጣት ምሁር የእነ ገርበርን መረጃ መልሶ መርምሮ ዕጣው በወጉ እንዳልተፈጸመ አሳየ። በሱ ስሌት ስልኩም ተሳትፎ ይጨምር ነበር። ገርበርና ግሪን አልተቆጡም ማለት ባልችልም ያደረጉት ነገር ግን የሚያስመሰግን ነው። መዝገባቸውን መልሰው ፈትሸው የራሳቸውን ስህተት አመኑ፣ አርመው በዚያው መጽሔት አሳተሙ፣ ከታረመ በኋላም ዋናው ውጤት እንደቆመ ተከራከሩ። የስልኩን ነገር በተሻለ ያብራራው ዴቪድ ኒከርሰን ነው። በስምንት ሙከራዎች እንዳሳየው ሳይቸኩል እንደ ሰው የሚያወራ በጎ ፈቃደኛ ሲደውል ሰው ይንቀሳቀሳል። የማይሠራው ተከፍሎት ጽሑፍ የሚያነበንበው ሰው ጥሪ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ውጤት ይዤ ቀረሁ፤ ሁለተኛውን አንብቤም ማስታወሻዬን አላስተካከልኩም። ማስታወሻው ቆንጆ ሆኖ ተተይቦ ነበራ።

ያው ኒከርሰን በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ ሁለት መራጮች የሚኖሩባቸውን ቤቶች እያንኳኳ አንድ ጥሩ ነገር አግኝቷል። በሩን የከፈተው ሰው ላይ የታየው ለውጥ ወደ 60 ከመቶው፣ ምንም ላልተባለው ለሌላው የቤቱ ሰው ተላልፏል። ለተማሪዬ ይህን መንገር ነበረብኝ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ትንሽ ይጎመዝዛል። በነሐሴ 2006 ገርበር፣ ግሪንና ክሪስቶፈር ላሪመር በሚሺጋን 180,000 ቤተሰቦች ላይ አራት ዓይነት ደብዳቤ ሞከሩ። "መምረጥ የዜግነት ግዴታ ነው" የሚለው ከመቶ 2 ያህል እንኳ አልሞላም። አራተኛው ደብዳቤ ግን የተቀባዩንና የጎረቤቶቹን ስም ዘርዝሮ ባለፉት ምርጫዎች ማን እንደመረጠ፣ ማን እንደቀረ ያሳያል፤ ከምርጫው በኋላም አዲስ ዝርዝር እንልካለን ይላል። እሱ ከመቶ 8 ጨመረ። ከደብዳቤ ይህን ያህል ይገኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እድር ላይ ስም ሲጠራ "የለም" መባልን የሚፈራ ሰው ግን የሚደነቅበት አይመስለኝም። ጣት ላይ የሚቀባውም ቀለም ያው ሥራ ሳይሠራ አይቀርም።

ነገር ግን ይህን ደብዳቤ የተቀበለ ሰው ተናዷል። ትክክልም ነው። በ2016 የቴድ ክሩዝ ዘመቻ በአዮዋ የጎረቤት ስምና ውጤት የያዘ ተመሳሳይ ወረቀት ሲልክ የግዛቲቱ የምርጫ ኃላፊ በይፋ አወገዘው። ምሁራን ለእውቀት ብለው ያገኙትን ፖለቲከኛው ለማሸማቀቅ ተጠቀመበት።

እዚሁ ፌስቡክ ላይም ተሞክሯል፤ ያኔ አካውንት ከነበራችሁ አሜሪካ ያላችሁት ሳታውቁት ተካታችሁ ይሆናል። በ2010ሩ የኮንግረስ ምርጫ ቀን 61 ሚሊዮን ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። አብዛኛው የምርጫ ማሳሰቢያውን ከመረጡ ጓደኞቹ ፎቶ ጋር አየ፣ ጥቂቱ ያለ ፎቶ፣ ጥቂቱ ምንም። ያለ ፎቶ የቀረበው ማሳሰቢያ ሰውን ወደ ምርጫ ጣቢያ አላመጣም። የጓደኞች ፊት የጨመረው ለአንድ ሰው ሲታይ ኢምንት ነው፤ በጓደኛ በኩል የተላለፈው ተደምሮ ግን ወደ 340,000 ድምፅ እንደሆነ አጥኚዎቹ ገምተዋል። ፈቃድ የተጠየቀ ተጠቃሚ የለም።

ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ "ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ጉዳይ ነው" ትሉኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ቤኒን ልውሰዳችሁ። ከሁሉም የምወደው የሊዮናርድ ዋንቸኮንን ታሪክ ነው።

ዋንቸኮን በወጣትነቱ የማቲዩ ኬሬኩን አገዛዝ የታገለ የተማሪዎች ንቅናቄ መሪ ነበር። ታሰረ፣ በ1986 ከእስር አምልጦ ተሰደደ፣ በስደት ተምሮ አሜሪካ ዶክተር ሆነ። ኬሬኩ በ1991 ተሸንፎ በ1996 በምርጫ ተመለሰ። በ2001 ኬሬኩ እንደገና ሲወዳደር ዋንቸኮን ወደ አገሩ ሄዶ ማንም ያልደፈረውን አደረገ። እውነተኛ ፓርቲዎችን፣ የኬሬኩን ደጋፊ ፓርቲ ጨምሮ፣ በዕጣ በተለዩ መንደሮች የተለያየ ቅስቀሳ እንዲያካሂዱ አሳመናቸው። በአንዱ መንደር "ብንመረጥ ለአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት፣ ለልጆቻችሁ ሥራ" ይባላል። በሌላው ያው ፓርቲ ስለ አገር ያወራል፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ሙስና፣ ስለ ትምህርት። የቀሩት መንደሮች እንደተለመደው ሁለቱንም ደባልቀው ይሰማሉ። የአገሪቱን ውጤት እንዳያዛባ አብዛኞቹ ቦታዎች የተመረጡት አሸናፊው አስቀድሞ ከሚታወቅባቸው አካባቢዎች ነው።

አስቡት እንግዲህ። ይህ ሰው ወጣትነቱን የሰጠው ሕዝቡ ስለ አገር ጉዳይ ሲነገረው ይነሳል ብሎ ነው። ዕጣው የሰጠው መልስ ሌላ ሆነ። "ለአካባቢያችሁ" የሚለው ቅስቀሳ በሁሉም ዓይነት እጩ ሠራ፣ የአገሩ ጉዳይ ደከመ። አንድ ነገር ብቻ ለየት አለ፤ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ የአገሩን ጉዳይ ሰምተዋል። ዋንቸኮን ይህን ደብቆ የሚፈልገውን መጻፍ ይችል ነበር፣ ማን ያውቅበታል? እንዳለ አሳተመው።

ግን እጅ አልሰጠም። በ2006ቱ ምርጫ ሌላ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፦ ችግሩ መልእክቱ ሳይሆን የሚነገርበት መንገድ ቢሆንስ? በዕጣ በወጡ መንደሮች ስጦታና ጭፈራ ካለበት ሰልፍ ይልቅ ሰዉ ተቀምጦ ስለ ፖሊሲ የሚወያይበት ስብሰባ ተደረገ። ከቶማስ ፉጂዋራ ጋር ባሳተሙት ጥናት እንደታየው በነዚያ መንደሮች የስጦታ ፖለቲካው ቀነሰ፣ በአካባቢው ሥር የሰደደው እጩም ድምፅ ጎደለበት። የተሳትፎው መጠን አልተለወጠም። የሚፈልገውን ግማሹን አገኘ ማለት ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ መምጣትና መቅረት ነው። ሐሳብ ማስለወጥስ? ጆሹዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን በ2018 የአሜሪካ አጠቃላይ ምርጫ ላይ የተሠሩ 49 የመስክ ሙከራዎችን ደምረው ሲያዩ፣ ቅስቀሳ መራጩ የሚመርጠውን እጩ በማስቀየር ረገድ ያለው አማካይ ውጤት ዜሮ ነው አሉ። ዜሮ! የነዚሁ ሁለት ሰዎች የቀደመ ታሪክ ግን ከዚህ ይበልጣል።

በታኅሣሥ 2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ ማይክል ላኩር የተባለ ተማሪ ከዶናልድ ግሪን ጋር አንድ ጥናት አወጣ። በሎስ አንጀለስ በር እያንኳኩ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያወሩ ሰዎች የነዋሪዎችን አስተያየት ለወራት ለወጡ፣ ለውጡም የሚጸናው ተናጋሪው ራሱ ግብረ ሰዶማዊ ሲሆን ነው ይል ነበር። ዓለም ተቀባበለው። በጉዳዩ ላይ የኔና የናንተ አቋም ምንም ይሁን፣ እዚህ የሚያስፈልገን ዘዴው ነው። ብሩክማንና ካላ ጥናቱን ሌላ ቦታ ሊደግሙት ሲነሱ መጠይቁን የሚመልስላቸው ሰው ላኩር ካለው እጅግ አነሰባቸው። የት ነው የተሳሳትነው ብለው መጠይቁን ሠራ ወደተባለው ድርጅት ደወሉ። ድርጅቱ ስለዚህ ሥራ የማውቀው የለም አለ። ከፒተር አሮኖው ጋር ሆነው ቁጥሮቹን መረመሩ፣ ያገኙትንም ለግሪን ላኩ። ግሪን ስሙ ያለበትን ጥናት ራሱ ሻሩልኝ ብሎ ጠየቀ። በግንቦት 2015 ተሻረ።

ይህን ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው ማለት ነው?" አለኝ። ያን ቀን የመለስኩለት አልጣመኝም ነበር። አሁን የምነግረው ቀጥሎ የሆነውን ነው። እነ ብሩክማን ማያሚ ላይ የጀመሩትን የራሳቸውን ሥራ አልተዉትም። በትራንስጀንደር ሰዎች ጉዳይ 501 መራጮች ላይ የተሠራ ነው። አንኳኪዎቹ አይሰብኩም። ባለቤቱ ራሱ ከሌሎች ተለይቶ የተፈረደበትን ጊዜ እንዲያስታውስ ይጠይቁትና ያዳምጡታል። አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ። በ2016 ያሳተሙት ውጤት ለውጡ ቢያንስ ለሦስት ወር እንደጸና ያሳያል። ተናጋሪው ትራንስጀንደር ሆነም አልሆነም ልዩነት አልነበረውም። የፈጠራው መረጃ ዋናውን ነገር በግምት መትቶት፣ ዓለምን ያስደነቀውን ዝርዝር ግን ስቶታል።

ለተማሪዬ ትናንት መልሼ ጻፍኩላት። በሩን ማንኳኳትሽን ቀጥዪ፣ ስልኩንም አትተዪው፣ ብቻ ወረቀት አታንብቢ፣ አውሪ። የትንሹ ምርጫ ይበልጣል፣ የሰፈር ትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ካለ እዚያ ሂጂ። ሐሳቡን አስቀይረዋለሁ ብለሽ ከማንም ጋር አትከራከሪ። በፊት ያልኩሽም ስህተት ነበር፣ ይቅርታ።

መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ "እሺ መምህር፣ ግን ቅዳሜ ዝናብ ነው እያሉ ነው።"